መደነቅን ያልረሱት ንጉሥ

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ስለ ወርቅ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ማየት ይተዋል፤ በየቀኑ የሚያገኘውንም ነገር እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ዕዳ ተከፋይ ሆኖ ይቀበለዋል። ጧት ፊቱን የታጠበበት ውኃ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። በኪሱ የያዘው ስልክ የእናቱን ድምፅ ከስንት ተራራ ማዶ እንዳመጣለት አያስብም። ውኃው የተቋረጠ ዕለት፥ ስልኩም እንቢ ያለ ዕለት ግን ያማርራል። ልማድ እንዲህ ያለ ሌባ ነው፤ ዕቃውን በቦታው ትቶ የዕቃውን ደስታ ብቻ ሰርቆ ይሄዳል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አንድ ስፍራ አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጣርማ በር ይደርሳል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ውርጫም ደጋ ነው። እዚያ ላይ የሸዋ ሜዳ በድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። ጉም ባልጋረደው ቀን ከአፋፉ የቆመ ሰው የደብረ ሲናን አገር ከእግሩ ሥር ያያል፤ ከዚያም ወዲያ እስከ አፋር ምድር የሚዘረጋው ቆላ ይታየዋል። ጅብራው በብርዱ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጭላዳዎቹ በገደሉ ጠርዝ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ኢጣልያኖች ተራራውን በስተው መንገድ ስላሳለፉበት ከ500 ሜትር የሚረዝም ዋሻ በዚያ ይገኛል። ቀድሞ ነጋዴው በቅሎውን እየጎተተ፥ እየተንሸራተተና እየጸለየ የሚወርደውን ቁልቁለት ዛሬ አውቶቡስ በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል። ተሳፋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል፤ ያልተኛውም አቀርቅሮ ስልኩን ይመለከታል።

ይኸው የገደል አፋፍ ወደ ደቡብ ሲቀጥል አንኮበርን ያገኛል። አንኮበርም እንደ ጣርማ በር ደጋው አልቆ ቆላው ከሚታይበት ከንፈር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ አገር ወጥተው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዐፄ ምኒልክ በብዙ ነገር ይታወሳሉ። ስማቸው ሲጠራ ዐድዋ ይጠራል፤ አዲስ አበባም ትጠራለች። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ታላቁን ድል አይደለም። ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና ያልተለያቸውን አንድ ጠባይ ነው። ይኸውም መደነቅ ነው።

የአያት ቤት

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፥ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡላቸው አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ ሆኑ ይነገራል።

የሣህለ ሥላሴ ግቢ የሩቅ አገር ዕቃ ያልጠፋበት ግቢ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ቡድን በቆላው በኩል አንኮበር ሲገባ ከመድፍና ከጠመንጃ ጋር በራሱ የሚዘምር የሙዚቃ ሣጥን ጭምር ይዞ ነበር። በእኚሁ ንጉሥ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለእጅ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ እንደ ነበርም ተጽፏል። ካህናቱ ግን ያለ ሰው እጅ የሚዞረው ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ። ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ እህል ትፈጭ የነበረችው ሴትም እንደ ወትሮዋ መፍጨቷን ቀጠለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ካህናቱም ሆኑ ንጉሡ ወፍጮውን አይተው ተደንቀዋል። ነገር ግን መደነቅ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወደ ፍርሃት ይወስዳል፤ የማያውቀውን ነገር አይቶ ይሸሻል። ሁለተኛው ወደ ጥያቄ ይወስዳል፤ ቀረብ ብሎ እንዴት እንደ ተሠራ ይመረምራል። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲሞቱ ምኒልክ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። የልጅ ልጁ ከአያቱ የወረሰው ሁለተኛውን መንገድ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የምርኮ ዘመን

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር ዘመቱ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ የሸዋ መኳንንት ልጁን ይዘው ሊያመልጡ ቢሞክሩም ድል ሆኑ። የ11 ዓመቱ ምኒልክ ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ ከዚያም መቅደላ አምባ ላይ ተቀመጡ። ከአንኮበር የተነሣ ልጅ አባቱን፥ አገሩንና የሚወርሰውን ዘውድ በአንድ ወር ውስጥ አጣ።

ይህ ልጅ በምሬት ቢያድግ የሚፈርድበት ባልነበረም። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። ዐፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛውን እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ አስተማሩት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ምኒልክም በዚያ ግቢ ብዙ ነገር አዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኢትዮጵያን ከእጅ ጥበብ ጋር ለማስተዋወቅ እንዴት እንደሚቃጠሉ፥ በጋፋት የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው እንዴት እንደሚወተውቱ ተመለከቱ። በግድ የሚገኝ ጥበብ ሥር እንደማይሰድም በዚያው ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ በኋላ ዘመን የውጭ ባለሙያን የያዙት በሹመትና በወዳጅነት እንጂ በእግር ብረት አልነበረምና።

በ1857 ዓ.ም. ክረምት ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ መጡ። የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት በአገራቸው ስታሳልፋቸው በቴዎድሮስ እጅ የነበረው ልጇ በዚያው ሰሞን ተገደለ። የምኒልክ ነፃነት የተገኘው የአንዲት እናት ልቅሶ በሚሰማበት መንገድ ላይ ነው። ነፃነት ነጻ ዕቃ እንዳልሆነ የ20 ዓመቱ ወጣት በዚያ ጉዞ ተማረ።

አንኮበር ገብተው የሸዋን ዙፋን ከያዙ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። በሸዋ ደስታ ሆነ፤ ሕዝቡ የቴዎድሮስን ዘመቻ አልረሳም ነበርና። ምኒልክም የሕዝቡን ደስታ አልከለከሉም። በግል ለአንድ የውጭ እንግዳ ሲናገሩ ግን ያስተማራቸውንና እንደ ልጅ ያሳደጋቸውን ሰው እንዳጡ፥ ቢቻላቸው ኖሮ ጫካ ገብተው ሊያለቅሱለት ይወዱ እንደ ነበር መግለጻቸው ተመዝግቧል። መንግሥቱን ከቀማቸው ሰው እጅ ያገኙትን ደግነት ከበደሉ ለይተው ማየት ችለዋል። ምስጋና ከባድ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ወዳጅን ማመስገን ለማንም ይቀላል።

ጫማውና ድልድዩ

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ከዚህ መሐንዲስ መጀመሪያ ካዘዙት ነገር አንዱ ጫማ እንደ ነበር ይተረካል። ድልድይና ቤት ለመሥራት የተማረ ሰው ጫማ ስፋ ሲባል ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም፤ ይሁን እንጂ ሰፍቶ አቀረበ። ቀጥሎም ጠመንጃ ሥራ ተባለ፤ እሱንም ሠራ። ከውጭ መግዛቱ ይረክስ ነበር፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት ጠመንጃውን ብቻ አልነበረም። በአንኮበር ተራራ ላይ፥ በሰው እጅ፥ ከብረትና ከእንጨት እንዲህ ያለ ዕቃ ሊወጣ እንደሚችል በዐይናቸው ማየት ፈልገው ነበር።

ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ባሰበ ጊዜም አስቀድሞ ትንሽ ምሳሌ ሠርቶ እንዳሳያቸው ይነገራል። ንጉሡ ምሳሌውን አይተው ዝም አላሉም፤ በቡጢ መትተው ሰበሩት። ሁለተኛም ሠራ፤ እሱንም ሰበሩት። ሦስተኛው ሲጸናላቸው ድልድዩ እንዲሠራ ፈቀዱ። አንባቢ በዚህ ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የመሐንዲስ ፈተና በዚያን ጊዜ በሸዋ አልነበረም። የሚደነቅ ሰው ሁሉ ተላላ አይደለም። ምኒልክ ይደነቁ ነበር፤ ይፈትኑም ነበር።

የውጭ አገር እንግዶች በየጊዜው ከጻፉት የምንረዳው ይህንኑ ነው። ንጉሡ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሏቸው ከዳኝነት ወደ ሕንፃ፥ ከሕንፃ ወደ መሣሪያ ቤት ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ፈትተው ውስጡን ካላዩ አይረኩም። ሰዓትም ይሁን ጠመንጃ፥ ወይም የሐኪም መሣሪያ፥ ለምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ንጉሥ አላውቅም ብሎ መጠየቅ እንደማያዋርደው ያወቁ ሰው ነበሩ።

ክፉ ቀን

መደነቅ በደስታ ቀን ብቻ የሚገኝ ቢመስለን አይፈረድብንም። የምኒልክ ሕይወት ግን ሌላም ያስተምራል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ ክፉ ቀን ብላ በምትጠራው ረኀብ ውስጥ ነበረች። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከትግራይ እስከ ደቡብ ጫፍ ተዛመተ። ከአገሪቱ ከብት ከመቶው 90 ያህሉ ሳያልቅ አልቀረም ብለው የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። በሬው ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ሳይታረስ የቀረው መሬት ዳዋ ዋጠው። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ ሰው በየመንገዱ ወደቀ።

ከዚያን ጊዜ በፊት በሬን አይቶ የሚደነቅ ማን ነበር? ገበሬው ጧት ይጠምደዋል፥ ማታ ይፈታዋል፤ በቃ። ካለቀ በኋላ ግን የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁሉም ዐወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ወራት የበሬ ሥጋ መብላት ተዉ። ዶማ ይዘው፥ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሆነው፥ በገዛ እጃቸው መሬት ይቆፍሩ ጀመር። በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ ዘር እንዲዘራ ምሳሌ መሆናቸው ነበር። በዚያ ዘመን መኳንንት መሬት የሚነካው ከፈረስ ሲወርድ ብቻ በመሆኑ ነገሩ ለተመልካች እጅግ እንግዳ ሆነ።

የአፈርን ክብደት በክንዱ የቀመሰ ሰው እንጀራን እንደ ቀድሞው አይቆርስም። ምስጋና በቃል ብቻ ሲቀር ቀላል ነው፤ ምኒልክ በክፉ ቀን የተማሩት ምስጋና ግን መዳፍን የሚያሳብጥ ነው። ያችን እህል ወደ አፋችን ያመጣት እጅ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ማለት ነው።

ሽቅብ የወጣው ውኃ

ረኀቡ ካለፈ በኋላ የመጡት ዓመታት የአዲስ ነገር ዓመታት ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ወዲህ፥ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ገና የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። በ1886 ዓ.ም. ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ስቦ ግቢው ኮረብታ ላይ አወጣ። ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ ታይቶ አያውቅም ነበርና ሕዝቡ ተገረመ፤ ባለቅኔዎችም ገጠሙለት። ዛሬ ማናችንም ቧንቧ ስንከፍት ግጥም አንገጥምም።

ውኃ ምን ያህል እንደሚከብር ግን ሁለት ዓመት ሳይቆይ በጦር ሜዳ ታየ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገው የኢጣልያ ጦር፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ሲያዝበት፥ በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። ምኒልክም የተጠማውን ጠላት አልጨረሱትም፤ የጭነት ከብት ሰጥተው ወደ ወገኖቹ ሰደዱት። የካቲት 23 ቀን ደግሞ ዐድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

ከድሉ በፊትና በኋላ የገቡትን አዲስ ነገሮች ብንቆጥር ገጹ አይበቃንም። በራሳቸው መልክ የተቀረጸው ገንዘብና የፖስታ ቴምብር ከፓሪስ መጡ። የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ ሽቦ ተዘረጋ፤ ካህናቱ በሽቦ ውስጥ የሚናገረው ጋኔን ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፥ ንጉሡ ግን የአያታቸው ወፍጮ ዕጣ እንዲደርሰው እንዳልፈቀዱ ይተረካል። በ1898 ዓ.ም. ባንክ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ የ63 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም በሕመም ተነክተዋል። ቢሆንም ወዲያው ተሳፈሩበት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የድምፁ ነገር ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ላይ ቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ምኒልክ የሩቂቱን ንግሥት ድምፅ እየደጋገሙ ሰሙት፤ ለክብሩም መድፍ እንደ ተተኮሰ ይነገራል። የንግሥቲቱ ሰም በኋላ በእንግሊዞቹ ፈቃድ እንዲሰበር ተደረገ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግን በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። እኛ በቀን ስንት ጊዜ የተቀረጸ ድምፅ እንሰማለን? አንዱን ጨርሰን ሳንሰማ ወደ ሌላው እንዘልላለን። እሳቸው አንድ ድምፅ በክብር ሰምተው ለላከው ሰው ምስጋና መለሱ።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል እንጨምር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከአውስትራሊያ ዘር የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ስላደገ ከተማይቱ ባለችበት ቀረች። እንግዲህ ዛሬ አዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ ትምህርት ቤቱ እዚያ ስፍራ ላይ በመሆኑ፥ ሹሙም ቢሮው እዚያው በመሆኑ፥ አንድን ቀጭን ዛፍ ማመስገን ይኖርበታል።

የሠሪው እጅ

ምኒልክ በመደነቅ ብቻ ቢያቆሙ ኖሮ ዕቃ የሚወዱ ንጉሥ ተብለው ይቀሩ ነበር። የሚለዩበት ሌላ ሥራ አላቸው። በአገራችን ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪው፥ ፋቂው በሙያው ይሰደብ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ ይሉታል፤ ማረሻውን ግን ከሱ ይገዛሉ። ሸማኔውን ይንቁታል፤ ኩታውን ግን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ዐፄ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ ላይ ይህን ነውር የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ንጉሡን ራሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና እንደሚቀጣ ገለጹ።

የዚህን ዐዋጅ ምንጭ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጫማ ሲሰፋ ቆመው ያዩ፥ ድልድይ ሲሠራ የፈተኑ፥ ዶማ ይዘው የቆፈሩ ሰው፥ ዕቃው ያለ እጅ እንደማይገኝ ዐውቀዋል። ዕቃውን እያደነቁ ሠሪውን መናቅ ሐሰት መሆኑ ታያቸው። መደነቅ ወደ ምስጋና የሚሻገረው በዚህ ድልድይ ነው፤ ከዕቃው ወደ እጁ፥ ከእጁም ወደ ባለእጁ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንሸፍን እንናገር። የምኒልክ ዐይን ሁሉን እኩል አላየም። ግቢው በአዲስ ነገር ሲደሰት ወላይታ በ1887፥ ከፋም በ1889 ዓ.ም. በጦር ተወርረው ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ተማርኮ የተነዳውም ብዙ ነው። በደቡብ አገር ገባሩ በገዛ መሬቱ ላይ የወታደር ቀለብ ተሸካሚ ሆኗል። ለዚያ ገባር የስልክ ሽቦው ድንቅ አልነበረም፤ የዘመቻ ትእዛዝ የሚሮጥበት መንገድ ነበር። ስለዚህ የትልቅ ሰው ሕይወት ሲነበብ መልካሙን መያዝ፥ ያልተሟላውን ደግሞ ለሚቀጥለው ትውልድ እንደ ቀረ የቤት ሥራ መቁጠር ይገባል። የባለእጁን ክብር በዐዋጅ ያስከበረ ዐይን የገባሩንም ክብር እንደዚያው ቢያይ ኖሮ ታሪካችን ይቀልለት ነበር።

ዝምታ

ጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የውጭ ቋንቋ የሚማሩ የኢትዮጵያ ልጆች የሚሰበሰቡበትን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤትም ከግብፅ በመጡ መምህራን አስከፈቱ። የዛሬው ተማሪና የዛሬው ወጣት ሹም የነዚህ የሁለቱ ሥራዎች የልጅ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ በረታ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው በሽታ አካላቸውን አሰረ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። ሁሉን ነገር ይህ ምንድን ነው እያለ ይጠይቅ የነበረ አፍ ዝም አለ። አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። የመንግሥት ነገር ነውና ሞታቸው ለጊዜው ተሸሸገ፤ እንደ ንጉሥ ወግ በአደባባይ የሚያለቅስላቸው አላገኙም። ዐፅማቸው ዛሬ አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያርፋል።

ብዙ የደከሙለት የምድር ባቡርም አልደረሰላቸውም። ውሉን የፈረሙት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ገንዘቡና ፖለቲካው ስላወዛገበ ብዙ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ባቡሩ መናገሻቸው ገብቶ ሲጮህ ከማንም ይልቅ ሊደነቅበት የሚችለው ሰው አልሰማውም።

ከሕይወታቸው ምን እንማራለን?

ወጣት አንባቢ፥ አንድ ነገር ልንል እንችላለን፤ ምኒልክ የተደነቁት ነገሩ ሁሉ አዲስ ስለ ነበረ ነው፤ ለእኛ ግን አሮጌ ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ለአንኮበር ካህናትም ወፍጮው አዲስ ነበር፤ እነሱ ግን ሸሹት። ለመኳንንቱም ስልኩ አዲስ ነበር፤ ብዙዎቹ አንድ ሰሞን ተገርመው ተዉት። ምኒልክን የለያቸው አዲስ ነገር ማየታቸው ሳይሆን ካዩ በኋላ መጠየቃቸው፥ ከጠየቁም በኋላ ሠሪውን ማክበራቸው ነው። ይህ ደግሞ አዲስነትን አይጠይቅም። የተማረ ሰው ውኃው ለምን ሽቅብ እንደሚወጣ ሲያውቅ መገረሙ ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባውም።

ተማሪ መብራቱን አብርቶ ከማንበቡ በፊት የዚያን ብርሃን መንገድ አንድ ጊዜ ቢከተል ከወንዝና ከግድብ፥ ከሽቦና በውርጭ ሌሊት ምሰሶ ላይ ከሚወጣ ሠራተኛ ይደርሳል። በጣርማ በር ብርድ ገብስ የሚዘራውን ገበሬ ያስታወሰ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ብቻ አይሠራም። ወጣት ሹምም ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ማመልከቻ እንደ ወረቀት ክምር ማየት ከጀመረ ልማድ ሰርቆታል። ያ ወረቀት የተጻፈው ምናልባት ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ አውቶቡስ በተሳፈረ ሰው ነው። ለባለጉዳዩ ያ ቀን በዓመት አንዴ የሚገኝ ቀን ነው፤ ለሹሙ ግን ማክሰኞ ነው።

ምኒልክ ከባለእጁ ፊት ቆመው መጠየቅ አላፈሩም። እኛም ነገ ጧት አንዱን የለመድነውን ነገር መርጠን ይህ ምንድን ነው፥ ማን ሠራው፥ በማን ድካም ወደ እጄ ገባ ብለን ብንጠይቅ ወጪ አያስወጣንም። ሠሪው በአጠገባችን የተገኘ እንደ ሆነም እጅ ነሥተን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንበለው፤ እሱም ቢሆን እንዲህ ሲባል የሰማበትን ቀን ሳይረሳው አልቀረም።